የደጅ ሳል

በ2094 ዓ.ም. የወይራምባ ከተማ ነዋሪ እንደ ልቡ ለማሳል ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር።

ረቡዕ ማለዳ በአደባባዩ ላይ የቆመው ሰሌዳ 1,092 ይላል። ከተማዋ አንድም የቲቢ ሕመምተኛ ሳይገኝባት ያሳለፈቻቸው ቀናት ናቸው። ቅዳሜ ቀትር ላይ 1,095 ይሞላል፤ ሦስት ዓመት ማለት ነው። ያን ጊዜ በየመንገዱ የተተከሉት ጆሮዎች ይዘጋሉ፣ እስከዚያ የቀረጹት ድምፅ ሁሉ ይደመሰሳል። ሕጉ እንዲያ ይላል፤ ሕዝቡም ከሕጉ ውስጥ በቃሉ የያዘው ይህችን አንቀጽ ብቻ ነው።

ጆሮዎቹ ከተተከሉ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቁመታቸው የሰው ያህል፣ ቀለማቸው አመድማ ነው፤ ጠባያቸው ደግሞ ጨዋ። ሰው ሲያስል ሲሰሙ «ይማርዎ» ይላሉ። «ይማርዎ» ለማስነጠስ እንጂ ለሳል እንደማይባል ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ግን የመጀመሪያውን ጆሮ የተከለው መሐንዲስ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነበርና ማንም ደፍሮ አላረመውም። እንዲያውም ሰዉ «ያኑርህ» ብሎ ለብረቱ ይመልስለታል። ሳይመልስ ያለፈ ያልታደለ ተብሎ ይታማል።

ሳሉ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ነጯ መኪና ያለ ሹፌር ትመጣና የአክታ ብልቃጥ ታቀርባለች። በርበሬ የሚያምስ ቤተሰብ ከሳምንት በፊት ያስመዘግባል፤ በዕለቱ የመንደሩ ጆሮ ለሁለት ሰዓት ይሸፈናል። ወይዘሮ ከበቡሽ የተባሉ የቀበሌ አራት ነዋሪ ቅዳሜ ልክ በስድስት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ አንድ ፈረሱላ በርበሬ ያለ ፈቃድ እንደሚያምሱ ለጎረቤት ሁሉ አውጀዋል። አንድ ጡረተኛ ደግሞ የተለየ ዕቅድ እንደሌለው፣ ዝም ብሎ ወጥቶ ማሳል ብቻ እንደሚፈልግ ለከተማው ሬዲዮ ተናግሯል።

ዘምዘም ይመር የወይራምባ ጤና ጽሕፈት ቤት የሳል መረጃ ተንታኝ ናት። ዕድሜዋ አርባ አራት፣ ሳቋ ሦስት ክፍል አልፎ የሚሰማ። ቅዳሜ ካባ የሚደረብላት እሷ ናት፤ የሚደረብላትም ስለ ደጅ ሳል ማጣሪያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወይራምባ ሰው ዘው ብሎ ከሰው ግቢ አይገባም። አጥሩ ሥር ቆሞ «ኡህ፣ ኡህ» ብሎ ያስላል፤ ከዚያ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል። ጆሮዎቹ መጀመሪያ ላይ ይህን አያውቁም ነበር። አንድ ጊዜ ለጋብቻ የተላኩ ሦስት ሽማግሌዎች ከልጅቷ አባት ደጅ ቆመው በየተራ ቢያስሉ፣ ነጯ መኪና ሦስቱንም ጭና ሄደች። አባትየው በሩን ሲከፍቱ ማንም የለም። ተደፈርኩ ብለው ልጃቸውን ለሌላ ሊሰጡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ያኔ ነው ዘምዘም፣ ገና ሥራ በጀመረች በሁለተኛ ዓመቷ፣ ለጆሮዎቹ አንዲት ደንብ የጻፈችላቸው፦ ከሳሉ በኋላ «ቤቶች!» ከተሰማ ሳሉ የአክብሮት ነውና አይቆጠር፣ ወደ ቅርጫት ይጣል። በአንድ ወር ውስጥ የከንቱ ጥሪው ሲሶ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል፤ ቅርጫቱን ከፍቶ ያየ ሰው ግን የለም። የጣለውን ማን ያያል?

ረቡዕ ማለዳ ዘምዘም የሁለት ደቂቃ ንግግር ትጽፍ ነበር። «ማጣሪያው ይህን ያህል ሳል አስቀርቷል» ለማለት አንድ የሚያምር ቁጥር ፈለገችና ቅርጫቱን ከፈተችው። ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሺህ። ወንበሯ ላይ እስክስታ ቢጤ ነካካት። ለማሳመር በየዓመቱ ከፋፈለችው። ዘጠኙ ዓመት እንደ ሜዳ ለጥ ያለ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ግን ዳገት ናቸው።

«ሰዉ ጨዋ እየሆነ መጣ እንዴ?» አለች ለራሷ።

ካርታው ላይ በተነችው። የደጅ ሳል ብትንትን ያለ ነገር ነው፤ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ። ይህ ግን አንድ ክር ሆኖ ከደጅ ወደ ደጅ ይሄዳል፤ ዛሬ ቀበሌ ሁለት፣ ነገ ቀበሌ አራት፣ በቀን አርባ ያህል ሳል። ባለፉት አሥራ ሁለት ቀናት ደግሞ ክሩ አጠረ። ሰውየው መራመድ የደከመው ይመስል ደጆቹ ተቀራረቡ፣ ከዚያ አነሱ፣ ከዚያ ጠፉ። ትናንት፣ ማክሰኞ፣ ሠላሳ ሰባቱም ሳል ከአንድ ቦታ ነው የመጣው፤ ከጆሮ ቁጥር 212። ጆሮ 212 ያለው ከከተማው በላይ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነው። እዚያ ቤት የለም። አጥር የለም። በር የሚባል ነገር ጭራሽ የለም።

ድምፁን ከፈተችው።

«ኡህ፣ ኡህ፣ ኡኡኡህ። ቤቶች!» ቀጥሎ ነፋስ። «ኡህ፣ ኡህ። ቤቶች!» ቀጥሎ ወፍ።

ዘምዘም ሳቋ አመለጣት። ማን ይሆን ባሕር ዛፍ ደጅ ቆሞ ግባ እስኪባል የሚጠብቀው? እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ደግማ ከፈተች፤ ደግማ ሳቀች። አራተኛው ላይ ግን መሳቋን ትታ አዳመጠች። በሳሉና በ«ቤቶች!» መካከል ያለው ትንፋሽ እንደ ተቀደደ ወናፍ ይፏጫል። ጆሮዎቹ ስም አይመዘግቡም፤ ድምፁን ግን ዘምዘም አወቀችው። ከገዛ ደጇ ሰምታው ነበር።

ጋሽ ኑርዬ እንድሪስ ናቸው። የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር። አርባ ዓመት ሙሉ ለጎረቤት ሰላምታ የነፈጉ፣ የሚያልፍ ሰው በአጥራቸው ጥላ እንኳ ሲያርፍ የሚቆጡ ሰው ነበሩ። የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ምን እንደነካቸው አይታወቅም፣ አስታራቂ ሆነው ተነሡ። ባልና ሚስት፣ ወንድማማች፣ ወሰንተኛ፣ ስልሳ አንድ ጠብ አበረዱ። ዘምዘምን ከእህቷ ከሩቅያ ያስታረቋትም እሳቸው ናቸው። እህትማማቾቹ በአንዲት ሕፃን ስም አወጣጥ ተኳርፈው ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም ነበር። የዕርቁ ዕለት ጋሽ ኑርዬ ከደጅ ቆመው አምስት ጊዜ «ቤቶች!» ብለው ነበር፤ ሁለቱም እህትማማቾች ትሕትናቸው ገረማቸው። ባለፈው ወርም እዚያው ቤት የሩቅያን የስምንት ወር የልጅ ልጅ አቅፈው መርቀዋታል።

ዘምዘም ይህ ትዝ ሲላት ብድግ ብላ ወደ አዳራሹ ሮጠች።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ስጦታው አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። የዘምዘምን ካባ ለልክ ብለው በራሳቸው ትከሻ ላይ ደርበው በመስታወት ያያሉ። የሆነውን ስትነግራቸው ካባውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ሽማግሌ ናቸው፣ ለደንቡ ነው ያሳሉት።»

«ለባሕር ዛፍ ደንብ አለው እንዴ፣ አቶ ስጦታው?»

«ሦስት ቀን፣ ዘምዘም! ሰውየው ሁለት ዓመት የቆዩት ሦስት ቀን ሊያቅታቸው ነው? እሑድ በጠዋት እኔ ራሴ በእጄ ይዤ አሳክማቸዋለሁ።»

«እሑድ ቀረጻው የለም። የሄዱበትን ደጅ በምን ልለየው ነው? በየቤቱ ሕፃን አለ፣ አራስ አለች።»

አቶ ስጦታው በካባው ጫፍ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ሪፖርቱን ከጫንሽው ሰሌዳው ዜሮ ይላል። እንደገና ሦስት ዓመት! ይህ ሕዝብ በቁማችን ይበላናል። አንቺንም፣ እኔንም፣ ካባውንም።»

«መጀመሪያ ላነጋግራቸው» አለችና አንድ ብልቃጥና ሁለት የአፍ መሸፈኛ ይዛ ወጣች።

ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ባሕር ዛፉ ጋ ደረሰች። ጋሽ ኑርዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋቢያቸው ውስጥ ሰውነታቸው አንሷል። ሲያዩዋት ሳሉ ያዛቸው፤ ሲጨርሱ ከልምድ የተነሣ «ቤቶች!» አሉ።

«እዚህ ቤት የለም፣ ጋሽ ኑርዬ።»

ዙሪያቸውን አዩ። «እኔም ገርሞኛል። ከትናንት ጀምሮ ማንም አይከፍትልኝም።»

ዘምዘም ሳቀች። አፏን በመሸፈኛው ሸፍና፣ ሁለተኛውን ለእሳቸው ሰጥታ፣ ነፋሱ ከጀርባዋ በሚመጣበት በኩል ራቅ ብላ ተቀመጠች። «አንቱ ሰውዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለቻቸው።

«እንግዲህ ተይዣለሁ፣ ልናገር» አሉ። «ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጎረቤቴን ልሰድብ ደጁ ሄድኩ። ገና አፌን ስከፍት ሳል ያዘኝ፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ። በቃ ነጯ መኪና መጣች አልኩ። ሰውዬው ይውጣልኝ ብዬ ‹ቤቶች!› አልኩ። ጆሮው ጭጭ! መኪናዋም ቀረች። ጎረቤቴ ደግሞ ለዕርቅ የመጣሁ መስሎት አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ልሰድብህ ነው የመጣሁት ልበለው? ታረቅሁ።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ! ከዚያ ወዲያ ሳሉ ሲመጣ ደጅ እፈልጋለሁ። ደጅ ከሄድኩ ደግሞ ምክንያት ያስፈልጋል፤ ሰው ሲከፍት ምን እለዋለሁ? የተጣላ ማፈላለግ ጀመርኩ። የእናንተ ጠብማ ለእኔ ሲሳይ ነበር፤ አምስት ቀን ተመላልሼበታለሁ። ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት ይባል የለ? እኔ ሳሌን ይዤ ቂማችሁን ሰረቅሁ።»

ዘምዘም ጎኗን ይዛ ተንፈራፈረች። እሳቸውም ሳቁ። ሳቁ ሳልን ጠራ፤ ሳሉ ረጅም ሆነ። መሐረባቸውን ከአፋቸው ሲያነሡ ቀይ ነጠብጣብ ታየች። 

«ለምን አልተናገሩም?»

«መጀመሪያ ይሉኝታ ነው፣ ልጄ። ሰሌዳው ያኔ ሦስት መቶ ሰማንያ ነበር። በእኔ በአንድ ሰው ምክንያት ዜሮ ሲሆን ታየኝና አፈርኩ። ኋላ ግን ልቤ ረጋ። ያረጋጋኝ ጆሮው ነው። የስንቱን ሳል የለየ ብረት እኔን ዝም ካለኝ በሽታ አይደለም አልኩ። የድሮ የመንገድ አቧራ ነው ብዬ ተውኩት፤ ሰሞኑን ደጅ መዞር ሲያቅተኝም ለቤቴ ወደሚቀርበው ወደዚህ ዛፍ መጣሁ።»

 አሥራ አንድ ዓመት የኮራችበት ሥራ ነው፤ አሁን እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ደም ይተፋል። አፈረች፤ እንዲህ ያለ እፍረት ከልጅነቷ ወዲህ አልደረሰባትም።

«ጆሮው ጤነኛ ነዎት ብሎ አይደለም ዝም ያለው» አለች። «እኔ ነኝ እንዳይሰማዎት ያደረግሁት። ‹ቤቶች!› ያለውን ሁሉ ተወው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጋሽ ኑርዬ።»

ሽማግሌው ይህን ቀስ ብለው አሰቡት። ከዚያ ሌላው ነገር ገባቸው፤ ፊታቸው ላይ ሲገባቸው አየችው።

«ያቺ ያቀፍኳት… የሩቅያ?»

«እሷም። ሌሎችም። ይህ በሽታ በትንፋሽ ነው የሚሄደው።»

«ያረቢ! ስንት ደጅ ይሆናል?»

«ሁለት መቶ አሥራ ስምንት።»

«ሁሉንም ለይተሽ ታውቂዋለሽ?»

«እስከ ቅዳሜ ቀትር ድረስ አውቀዋለሁ።»

ጋሽ ኑርዬ ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «በይ እንውረድ።»

«እኔ ከዚሁ ሪፖርቱን ልጫነው እችላለሁ። ብልቃጡም ይኸው።»

«ብልቃጡን እሰጥሻለሁ። ሪፖርቱን አንቺ ከጫንሽው ግን ሦስት ዓመት የሚረገመው የአንቺ ስም ነው። ደጃቸውን የረገጥኩ፣ ማዕዳቸውን የቆረስኩ እኔ ነኝ፤ እኔው ልንገራቸው። አብሽሪ።»

ብልቃጡን በጽሕፈት ቤቱ አስመርምረው፣ ቲቢ መሆኑ ተረጋግጦ አደባባዩ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የቅዳሜው በዓል ልምምድ ደምቆ ከበሮው ይጎሸማል፤ የመንዙማውም የመዝሙሩም ቡድን ለአንድ ቀን አንድ ላይ ተሰልፎ ማን ይቅደም እያለ ይጨቃጨቃል። ወይዘሮ ከበቡሽ የማመሻ ብረታቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። ሰዉ ጋሽ ኑርዬን ሲያይ መንገድ ለቀቀ፤ ጉልበት ሊስሙ የቀረቡትን ዘምዘም እጇን ዘርግታ አራቀች። ሽማግሌው ከሰው አሥር እርምጃ ርቀው፣ ሰሌዳው ሥር ካለው ጆሮ ፊት ቆሙ። መሸፈኛቸውን ዝቅ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ባዶው መንገድ አዞሩ።

«ኡህ፣ ኡህ።»

«ይግቡ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ፣ ከልምድ የተነሣ፣ ሳይጠሩት። ሳቅ ሆነ።

ጋሽ ኑርዬ ግን «ቤቶች!» አላሉም። አንድ ጊዜ ደግመው አሳሉ፤ ምንም አላሉም። ሦስተኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያፈኑትን ሁሉ ለቀቁት፤ ከእግር ጥፍራቸው የመጣ ሳል ነበር፤ ሲያበቃም ዓይናቸው እንባ አዝሎ ፊታቸው ፈካ። ጆሮው ሳሉን ከብልቃጡ ውጤት ጋር አዛመደና ሰሌዳው ብልጭ ድርግም አለ። 1,092 ጠፋና 0 መጣ።

ከበሮው ቆመ።

«በሽታ አለብኝ» አሉ። «ሁለት ዓመት በየደጃችሁ እየቆምኩ ደብቄያችኋለሁ። የገባሁበት ቤት ሁሉ ይመርመር። አስታራቂ አይደለሁም፤ የማስልበት ቦታ ያጣሁ ሰው ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

«ምነው ጋሽ ኑርዬ! ሦስት ቀን!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ጩኸቱ የልቅሶ ቃና ነበረው።  ዘምዘም አሁን ይወርዱብናል ብላ ከሽማግሌው ጎን ቆመች።

ከዚያ ከበሮ መቺው አሳለ።

ረጅም ጎልማሳ ነው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዙሪያውን አየ፤ ደግሞ አሳለ። «ከጥምቀት ጀምሮ ነው» አለ። «ትራስ ውስጥ ነበር የማስለው።» ከመዝሙሩ ቡድን አንዲት ሴት አሳለች። «እኔ ወንዝ ዳር እየወረድኩ ነው» አለች። ከመንዙማው ሁለት ሰዎች ተከተሉ። ወይዘሮ ከበቡሽ በማመሻ ብረቱ አፋቸውን ጋርደው አሳሉና «በርበሬ ነው!» አሉ፤ ብረቱን ዝቅ አድርገው ደግሞ «በርበሬ አይደለም» አሉ። አደባባዩ በሳል ተናወጠ። ሰው እያሳለ ይስቃል፣ እየሳቀ ያስላል። ጆሮው «ይማርዎ፣ ይማርዎ፣ ይማ…» እያለ ቃሉ ተምታታበት። የከተማዋ አራት ነጫጭ መኪኖች በአራት አቅጣጫ መጥተው መሐል መንገድ ላይ ተላተሙና አንዷ ለሌላዋ ብልቃጥ አቀረበችላት።

«ሁለት ክንድ ተራራቁ!» ብላ ዘምዘም ጮኸች። «አፋችሁን ሸፍኑ! ሰልፍ ያዙ!» ዕቃ ቤት ሮጣ የብልቃጥ ካርቶን ተሸክማ ስትመለስ ሰልፉ ሰሌዳውን ዞሮ ነበር። አርባ ሦስት ሰው። ከሰልፉ መጨረሻ ካባ የለበሰ ሰው ቆሟል።

«እርስዎም?» አለቻቸው።

«እኔ የሚያፍነኝ መኪናዬ ውስጥ ነበር» አሉ አቶ ስጦታው። «መስኮቱን ዘግቼ። ኃላፊ ነኝ፣ ዘምዘም፤ የት ልሂድ?»

ሦስት ዓመት ሊሞላ ሕመምተኛ የለም ያሰኘው ዜሮ የይሉኝታ ዜሮ ነበር። ዘምዘም ብልቃጥ እያደለች ይህን ስታስብ ማልቀስ አማራት፤ ግን ደስ ብሏት ነበር፣ ጭንቅላቷ እስኪዞር ደስ ብሏት ነበር። በሥራ ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ እውነተኛ መረጃ በእጇ ገብቶ አያውቅም። እዚያው ቆማ ማጣሪያውን ሰረዘችው። ከነገ ጀምሮ ነጯ መኪና እንደ ድሮው በየሽማግሌው ደጅ ልትመላለስ ነው፤ ጆሮዎቹም ሌላ ሦስት ዓመት አሉ። ይህን ለሰልፉ ጮክ ብላ ነገረችው። ሰልፉ አጉረመረመ፤ ከሰልፉ ግን ማንም አልወጣም።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሌላ የጽሕፈት ቤቱ ቡድን በሁለት መቶ አሥራ ስምንቱ ደጅ ዞረ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሩቅያ ደወለች። የሕፃኗ ሳንባ ንጹሕ ነው፤ መከላከያውንም ወስዳለች። «ለጋሽ ኑርዬ ንገሪያቸው» አለች፤ «ሲድኑ መጥተው ይቀፏት፤ እስከዚያ ግን ወየውላቸው!» ዘምዘም ነገረቻቸው። ጋሽ ኑርዬ የመኪናዋ በር ላይ ተቀምጠው የአርባ ቀን ኪኒናቸውን በጉልበታቸው ላይ ይዘው ነበር፤ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው አለቀሱ።

ከዚያ የአርባ ሦስቱ ውጤት መጣ። ዘምዘም የቅዳሜውን ድምፅ ማጉያ አነሣች። ሠላሳ ሰባቱ ጉንፋን፣ አቧራና በርበሬ ነበሩ። ስም አልጠራችም፤ ቁጥሩን ብቻ ተናገረች።

«ስድስት ሰው አገኘን! ስድስቱም ይድናሉ!»

 ከዚያ ወይዘሮ ከበቡሽ ብረታቸውን በማማሰያ መቱና እልል አሉ፤ ሕዝቡም ተቀበላቸው፤ ከበሮ መቺውም፣ ከስድስቱ አንዱ መሆኑ ገና በጆሮው ሳይነገረው፣ ከበሮውን አነሣ። ወይራምባ አንድ ሺህ ዘጠና ሁለት ቀን ሙሉ ለዜሮ ስታጨበጭብ የኖረች ከተማ ናት። ለሰው እልል ስትል ግን ያ የመጀመሪያዋ ነበር።